ለኪራይ የሚሆን ቤት በባንክ ብድር ለመግዛት፦ ለጀማሪዎች ስለ ባንክ አመራረጥ የቀረበ መረጃ

ይህ መረጃ የተዘጋጀው ከቁጠባቸውና ከባንክ በሚያገኙት ብድር የመጀመሪያ ቤታቸውን ገዝተው በማከራየት ገቢ ለማግኘት ለሚያስቡ ዜጎች ነው። ወደ ዘርፉ በሚገቡ ሰዎች ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ «ዝቅተኛ ወለድ የሚያስከፍለው የትኛው ባንክ ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ብቻውን በቂ አይደለም። ሁሉም ነገር በሰመረበት ወር ማንኛውም ባንክ መልካም ባንክ ነው። ልዩነቱ የሚታየው ተከራይ በለቀቀበት፣ ወለድ በተጨመረበት ወይም የደመወዝ ገቢ በተቋረጠበት ወር ነው። ስለሆነም ባንክ በሚመረጥበት ጊዜ በቅድሚያ ሊታሰብ የሚገባው ያ አስቸጋሪ ወር ነው።

ጉዳዩ ክብደት የሚሰጠው በሕግ ምክንያት ነው። በባንክ በመያዣ የተያዘ ንብረትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 97/1990 ብድሩ በውሉ ጊዜ ያልተከፈለው ባንክ፣ በውሉ ይህ ሥልጣን የተሰጠው ከሆነ፣ ለባለዕዳው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ንብረቱን በሐራጅ እንዲሸጥና የባለቤትነት ስም እንዲያዛውር ይፈቅድለታል። ለዚህም አስቀድሞ የፍርድ ቤት ውሳኔ አያስፈልገውም። በአገራችን ባንኮች የመያዣ ውሎች ላይ ይህ ሥልጣን የተለመደ አንቀጽ ነው። ባንኩ የሐራጁን ሥርዓት ተላልፎ ጉዳት ካደረሰ ተጠያቂ ይሆናል፤ ይሁንና ባለዕዳው ክስ የሚያቀርበው በአብዛኛው ቤቱ ከተሸጠ በኋላ ስለ ካሳ ነው። በሐራጅ የተገኘው ገንዘብ ዕዳውን ካልሸፈነ ቀሪው ዕዳ አብሮ አይሰረዝም። ጀማሪው ባለሀብት ከባንክ ጋር የሚፈራረመው እንዲህ ዓይነት ውል መሆኑን ከመጀመሪያው ሊገነዘብ ይገባል።

የብድሩን ዓላማ በግልጽ መናገር

ባንኮች ለቤት የሚሰጡትን ብድር እንደ ዓላማው ይለያዩታል። ተበዳሪው ራሱ ሊኖርበት የሚገዛው ቤት የመኖሪያ ቤት ብድር በሚባለው ሥር ይታያል። ለኪራይ የሚሆን ቤት ወይም ሕንፃ ግን በአንዳንድ ባንኮች እንደ ንግድ ሥራ ብድር ይቆጠራል፤ በዚህ ጊዜ የመክፈያ ዘመኑ ሊያጥር፣ ወለዱም ሊጨምር ይችላል። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለዚህ «ቤቱን ለማከራየት እንደምገዛው እያወቃችሁ በየትኛው የብድር ዓይነት ታስተናግዱኛላችሁ?» የሚል መሆን አለበት።

ወለድ ለመቀነስ ሲባል «ልኖርበት ነው» ብሎ መበደር በደላሎች ዘንድ እንደ ብልሃት ሲመከር ይሰማል። አያዋጣም። ለባንክ የተሰጠ ሐሰተኛ መግለጫ በብዙ ውሎች ባንኩ ብድሩ በአንድ ጊዜ ተጠቃልሎ እንዲመለስለት የሚጠይቅበትን መብት ይሰጠዋል። የኪራይ ውል ደግሞ የሚመዘገብ፣ ግብር የሚከፈልበት ሰነድ ስለሆነ ተደብቆ የሚቀር አይደለም።

ሌላው በዚሁ መነሣት ያለበት ጥያቄ ባንኩ የተበዳሪውን የመክፈል አቅም ሲለካ ወደፊት የሚገኘውን ኪራይ ከገቢ ይቆጥረዋል ወይስ ደመወዝን ብቻ ያያል የሚለው ነው። ኪራይን የሚቆጥሩ ባንኮችም ብዙውን ጊዜ የሚቀበሉት በሰነድ የተደገፈውንና ግብር የተከፈለበትን ነው። ደመወዙን ብቻ መሠረት አድርጎ የሚያበድር ባንክ ለጀማሪው ጠባብ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን ቤቱ ባዶ ቢቀር እንኳ ብድሩን መክፈል የሚችል መሆኑን አስቀድሞ የሚያረጋግጥለት ይኸው ጥብቅነት ነው።

በአገራችን ያሉት አማራጮች

ለረጅም ዘመን በቤት ብድር ላይ ያተኮረው ተቋም በደርግ ዘመን የቤቶችና ቁጠባ ባንክ ተብሎ የተቋቋመውና በኋላ የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ የተባለው ነበር። ይህ ባንክ በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተዋሐደ። ከዚያ ወዲህ በቤት ፋይናንስ ላይ የተለየ ትኩረት አድርጎ የተነሣው ጎህ ቤቶች ባንክ በ2014 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በመንግሥት የጋራ መኖሪያ ቤቶች መርሐ ግብር ማለትም በ10/90፣ በ20/80 እና በ40/60 ቁጠባና ብድር የሚታወቅ ሲሆን፣ የግል ንግድ ባንኮችም እንደየአቅማቸው የቤትና የሕንፃ ብድር ይሰጣሉ።

ከወለድ ነፃ አገልግሎት የሚፈልጉ ዜጎች በመደበኛ ባንኮች ውስጥ በተከፈቱ ልዩ መስኮቶች ወይም ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ በሆኑ ባንኮች ሊስተናገዱ ይችላሉ፤ ከኋለኞቹ የመጀመሪያው ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ነው። በሙራባሃ ስልት ባንኩ ንብረቱን ገዝቶ የታወቀ ትርፍ ጨምሮ ለደንበኛው በረጅም ጊዜ ክፍያ ይሸጥለታል። የመሸጫ ዋጋው ውሉ ሲፈረም ስለሚወሰን በኋላ አይጨምርም። ይህ ባሕርይ ለአከራይ ልዩ ጥቅም አለው፤ ምክንያቱን ከታች እንመለስበታለን። በአንጻሩ ንብረቱ ከሻጭ ወደ ባንክ፣ ከባንክ ወደ ደንበኛ የሚሸጋገርበት ሥርዓት ስላለ የስም ማዛወሪያና የቴምብር ቀረጥ ወጪ በማን ላይ እንደሚያርፍ በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የብሔራዊ ባንክ የባንኮች ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. 5 ቢሊዮን ብር እንዲደርስ ወስኖ ስለነበር በዘርፉ ውስጥ ስለ ውሕደት መነጋገር የተለመደ ሆኗል። አበዳሪው ባንክ ከሌላ ጋር ቢዋሐድ የብድር ውሉ ወደ ተቀባዩ ባንክ ይተላለፋል እንጂ አይፈርስም። ተበዳሪው በዚህ ምክንያት ሊሰጋ አይገባም፤ በቃል የተገባለት ሁሉ በጽሑፍ እንዲሰፍር መጠየቅ ግን ይገባዋል፤ አዲሱ ባንክ የሚያውቀው የተጻፈውን ነውና።

ለቅድሚያ ክፍያ የሚሆን ገንዘብ በማጠራቀም ላይ ያሉ ዜጎች ደግሞ የኢትዮጵያ የተቀማጭ መድን ፈንድ ሽፋን ለአንድ አስቀማጭ በአንድ ባንክ እስከ 100 ሺህ ብር መሆኑን ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል።

ወለዱን እንዴት ማነጻጸር ይቻላል?

የብሔራዊ ባንክ ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉትን ዝቅተኛ ወለድ ይወስናል፤ ይህም ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ 7 በመቶ ሆኖ ቆይቷል። ለብድር የሚጠየቀውን ወለድ ግን እያንዳንዱ ባንክ በራሱ ይተምናል። ስለዚህ በባንኮች መካከል፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ባንክ ደንበኞች መካከል፣ ልዩነት አለ፤ መደራደርም ይቻላል።

ልዩነቱን ለማየት አንድ ስሌት እንውሰድ። 3 ሚሊዮን ብር በዓመት 18 በመቶ ወለድ፣ ወለዱ በቀሪው ብድር ላይ እየተሰላ፣ በ15 ዓመት ቢከፈል ወርኃዊ ክፍያው ወደ 48,313 ብር ይመጣል። በመጀመሪያው ወር ከዚህ ውስጥ 45,000 ብሩ ወለድ ነው፤ ከዋናው ብድር የሚቀነሰው 3,313 ብር ብቻ ነው። በ15 ዓመት ውስጥ የሚከፈለው ጠቅላላ ገንዘብ 8.7 ሚሊዮን ብር ገደማ ይሆናል። ያው ብድር በ10 ዓመት ቢከፈል ወርኃዊ ክፍያው ወደ 54,056 ብር ከፍ ይላል፤ ጠቅላላው ግን ወደ 6.5 ሚሊዮን ብር ይወርዳል። በየወሩ 5,743 ብር መጨመር በመጨረሻ 2.2 ሚሊዮን ብር ያድናል ማለት ነው። አቅም ያለው ሰው አጭሩን ዘመን ቢመርጥ ይበጀዋል። አቅሙ አስተማማኝ ያልሆነ ግን ረጅሙን ዘመን ወስዶ ያለ ቅጣት ቀድሞ የመክፈል መብት በውሉ እንዲሰፍርለት ቢጠይቅ የተሻለ ነው፤ ሁሉም ባንክ ይህን በነጻ አይፈቅድምና።

በማስታወቂያ ላይ የሚታየው የወለድ ቁጥር በምን ላይ እንደሚሰላ ሳይጠየቅ መታለፍ የለበትም። ወለዱ በየወሩ በሚቀንሰው ቀሪ ብድር ላይ ሳይሆን በመጀመሪያው ሙሉ ብድር ላይ እስከ መጨረሻው የሚሰላ ከሆነ ትንሽ የሚመስለው ቁጥር ትንሽ አይደለም። ከላይ ባየነው 3 ሚሊዮን ብር ላይ በዚህ ዓይነት አሠራር 12 በመቶ ቢጠየቅ ወርኃዊ ክፍያው 46,667 ብር ይሆናል። ይህም በቀሪ ብድር ስሌት ከ17 በመቶ በላይ ከሆነ ወለድ ጋር እኩል ነው። ከወለድ ነፃ የሆነውን የሽያጭ ዋጋ ከመደበኛ ብድር ጋር ለማነጻጸርም የሚሻለው መንገድ በመቶኛ መጨቃጨቁን ትቶ ከእያንዳንዱ ባንክ ሁለት ቁጥር ብቻ መቀበል ነው፦ በየወሩ ስንት ይከፈላል፣ እስከ መጨረሻው በጠቅላላ ስንት ይከፈላል።

በዚህ ጠቅላላ ውስጥ የአገልግሎት ክፍያ፣ የንብረት ግምት ክፍያ፣ የውል ማረጋገጫና የመያዣ ምዝገባ ወጪ፣ እንዲሁም የመድን ዓረቦን መካተታቸው ይረጋገጥ። ባንኩ ቤቱ የእሳት መድን እንዲገባለትና ራሱ ተጠቃሚ ሆኖ እንዲመዘገብ መጠየቁ የተለመደ ነው። የተበዳሪው የሕይወት መድንም ሊጠየቅ ይችላል። ይህን ብዙዎች እንደ ተጨማሪ ሸክም ያዩታል፤ ሆኖም ተበዳሪው ቢሞት ዕዳው በመድኑ የሚሸፈንበት ውል ቤተሰቡን ከሐራጅ የሚያድን ስለሆነ በዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች አስተያየት ሊዘለል የማይገባው ወጪ ነው።

የእፎይታ ጊዜም በጥንቃቄ ይታይ። ባንኩ «ለአንድ ዓመት አትከፍልም» ቢል ወለዱ መቆጠሩን አቁሟል ማለት አይደለም። ከላይ በተጠቀሰው ብድር ላይ የ12 ወሩ ወለድ በየወሩ ከዋናው ብድር ጋር እየተደመረ ከሄደ ተበዳሪው ክፍያ ሲጀምር ዕዳው ወደ 3.59 ሚሊዮን ብር አድጎ ይጠብቀዋል። ግንባታው ላልተጠናቀቀ ቤት የእፎይታ ጊዜ አስፈላጊ ሊሆን ይችላል፤ ወዲያው ለሚከራይ ቤት ግን አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም።

ኪራይ በሕግ ይገደባል፤ ወለድ ግን ይጨምራል

ለአከራይ ከሁሉ የሚከብደው ነጥብ ይህ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ተፈጻሚ በሚሆንባቸው ከተሞች የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ላላነሰ ጊዜ ይደረጋል፤ ውሉም በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያሳውቀው መጠን ነው። ሕጉ ተከራዩን ከድንገተኛ ጭማሪና ከመፈናቀል ለመጠበቅ የወጣ ነው፤ ቤት ገዝቶ ለማከራየት የሚነሣ ሰውም ስሌቱን በዚሁ ላይ ሊመሠርት ይገባል።

በአንጻሩ ብዙ የብድር ውሎች ባንኩ በማናቸውም ጊዜ ወለዱን ሊለውጥ እንደሚችል ይደነግጋሉ። በምሳሌያችን ውስጥ ወለዱ ከ18 ወደ 20 በመቶ ቢያድግ ወርኃዊ ክፍያው ከ48,313 ወደ 52,689 ብር ይደርሳል። ተበዳሪው ይህን የ4,376 ብር ጭማሪ በተከራዩ ላይ ሊጭን አይችልም። ስለዚህ ባንክ በሚመረጥበት ጊዜ «ወለዱ ስንት ነው?» ከሚለው እኩል፣ ምናልባትም አስበልጦ፣ ሊጠየቅ የሚገባው «ወለዱን መቼና በምን ምክንያት ትለውጡታላችሁ? ከስንት ቀን በፊት ታሳውቁኛላችሁ? ከለወጣችሁ ያለ ቅጣት ብድሩን ወደ ሌላ ባንክ ማዛወር እችላለሁ?» የሚለው ነው። ለተወሰኑ ዓመታት ወለዱን የማይለውጥ ባንክ በአንድ ወይም በሁለት በመቶ ቢወደድም ለአከራይ የተሻለ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ከወለድ ነፃ የሆነው የተቆረጠ ዋጋ ጥቅምም እዚህ ላይ ነው።

ስሌቱን ለመፈተን የታሰበውን የኪራይ ገቢ በ12 ወር ሳይሆን በ10 ወር ማባዛት ጥሩ ልማድ ነው። ቤቱ በወር 40,000 ብር ቢከራይ በዓመት የሚጠበቀው 480,000 ሳይሆን 400,000 ብር ነው። ለባንክ የሚከፈለው ግን በየወሩ 48,313፣ በዓመት ወደ 579,750 ብር ነው። 179,750 ብር ገደማ ከሌላ ገቢ መሟላት አለበት ማለት ነው፤ ይህም የኪራይ ገቢ ግብርንና የእድሳት ወጪን ሳይጨምር ነው። ይህ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ መልስ የሌለው ሰው የብድሩን መጠን ይቀንስ ወይም ቁጠባው እስኪጎለብት ይቆይ። የሒሳብ መዝገብ የሚይዝ አከራይ ለቤቱ የተከፈለ ወለድን በሠንጠረዥ «ለ» ግብር አሰላል ላይ እንደ ወጪ የሚያስይዝበት አግባብ ስላለ የገቢዎች ጽሕፈት ቤቱን አስቀድሞ ቢያነጋግር ይጠቀማል።

የባንኩ ግምትና የገበያው ዋጋ

ባንክ የሚያበድረው በሻጭና በገዢ መካከል በተነገረው ዋጋ ላይ ሳይሆን የራሱ መሐንዲስ በሚሰጠው ግምት ላይ ነው። ይህን ያላወቀ ጀማሪ በቅድሚያ ክፍያው ላይ ሊሰናከል ይችላል። ቤቱ በ5 ሚሊዮን ብር ሊሸጥ ስምምነት ቢደረግና ባንኩ 70 በመቶ ያበድራል ቢባል ገዢው 1.5 ሚሊዮን ብር ማዘጋጀት በቂ ይመስለዋል። መሐንዲሱ ቤቱን 4.2 ሚሊዮን ብር ከገመተው ግን የሚፈቀደው ብድር 2.94 ሚሊዮን ብር ነው፤ ገዢው ከራሱ 2.06 ሚሊዮን ብር ማምጣት ይኖርበታል። የስም ማዛወሪያና የቴምብር ቀረጥ ሲጨመር ልዩነቱ ይሰፋል። ስለዚህ ባንኩ ስንት በመቶ እንደሚያበድር ብቻ ሳይሆን ግምቱን በምን መሠረት እንደሚሠራና ግምቱ በስንት ቀን እንደሚደርስ መጠየቅ ያሻል።

የይዞታው ዓይነትም ግምቱን ይወስናል። በሕገ መንግሥቱ መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የሚሸጠውና በመያዣ የሚሰጠው በላዩ ያለው ቤትና የመጠቀም መብቱ ነው። የሊዝ ይዞታን በሚመለከት አዋጅ ቁጥር 721/2004 የሊዝ መብት በዋስትና የሚያዘው በተከፈለው የሊዝ ገንዘብ መጠን መሆኑን ይደነግጋል። ባዶ ቦታ ወይም ጅምር ቤት ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከባንክ የሚያገኘው ብድር ከጠበቀው በእጅጉ ሊያንስ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። የጋራ መኖሪያ ቤት ሲሆን ደግሞ በዕጣ የተገኘ ቤት ለሦስተኛ ወገን እንዳይተላለፍ የተጣለበት የጊዜ ገደብ ማለፉና የቀድሞው ባለቤት የባንክ ዕዳ መከፈሉ ይጣራ።

ቀብድ ከመከፈሉ በፊት

በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። ብዙ ጀማሪዎች ባንኩ በቃል «ይቻላል» ስላላቸው ቀብድ ይከፍላሉ፤ ብድሩ ሲዘገይ ሻጩ ሌላ ገዢ ያገኛል፤ ቀብዱም ይቀራል።

የብድር መዘግየት ሁልጊዜ የቅርንጫፉ ባለሙያ ጥፋት አይደለም። የብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረትን ለመቆጣጠር በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ አድርጎ ነበር፤ በኋላም ገደቡን ወደ 18 በመቶ ከፍ አድርጎት ነበር። እንዲህ ዓይነት ገደብ ባለበት ጊዜ ብድሩ በኮሚቴ የጸደቀለት ሰው እንኳ ባንኩ የማበደሪያ ቦታ እስኪያገኝ ወራት ሊጠብቅ ይችላል። ስለዚህ የባንኩ ምላሽ «ጸድቋል» ከሆነ «የሚለቀቀው መቼ ነው?» ተብሎ ይጠየቅ፤ መልሱም በደብዳቤ ይሰጥ። ከሻጩ ጋር በሚደረገው ውል ላይ ደግሞ ባንኩ ብድሩን በተባለው ቀን ካልለቀቀ ቀብዱ እንደሚመለስ የሚገልጽ አንቀጽ ይካተት። ሻጩ ይህን አልቀበልም ካለ ቀብዱን ማሳነስ ነው።

የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭም ሆነ የመያዣ ውል በጽሑፍ መደረግ፣ የሽያጩ ውልም ሥልጣን ባለው አካል ፊት መረጋገጥ አለበት። ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን ገዢው ራሱ ይዞታው ከተመዘገበበት የከተማ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ማጣራት ይችላል፤ ባንኩ ያጣራል ብሎ መቀመጥ አይመከርም፤ ባንኩ የሚያጣራው ለራሱ መያዣ ነው። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የባልና የሚስት ፈቃድ በአንድነት ያስፈልጋል፤ ገዢውም ባለትዳር ከሆነ የጋራ ቤታቸውን በመያዣ ለመስጠት እንዲሁ።

በውጭ አገር ሆነው በወኪል አማካይነት ለሚገዙ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን የቤት ብድር የሚሰጡ ባንኮች አሉ። ከእነርሱ የሚጠየቀው ብድሩ በብር ወይስ በውጭ ምንዛሪ እንደሚመለስና የቅድሚያ ክፍያው በምን ዓይነት ሒሳብ መግባት እንዳለበት ነው። ጠቅላላ ውክልና ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት አይበቃም፤ ሕጉ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ውክልናው በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ተረጋግጦ መላክ አለበት። ቤት የመግዛት፣ የመበደርና ቤቱን በመያዣ የመስጠት ሥልጣን በአንድ ወረቀት ላይ ለአንድ ሰው ሲሰጥ የብድሩ ጣሪያ በቁጥር ቢገለጽ ዘመድ ከዘመድ የሚጣላበትን ብዙ በር ይዘጋል።

የቤተሰብ ቤት በዋስትና ሲጠየቅ

የሚገዛው ቤት ግምት ሲያንስ ባንኩ ተጨማሪ መያዣ ይጠይቃል። ጀማሪው በእጁ ያለው ብዙውን ጊዜ የእናት የአባቱ ቤት ነው። ወላጆች ለልጃቸው ፊርማቸውን አይነፍጉም፤ የሚፈርሙበትን ግን አብዛኞቹ አንብበው አያውቁም። በመያዣነት የተሰጠ የወላጅ ቤት ልክ እንደ ተገዛው ቤት በ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ለሐራጅ ሊቀርብ ይችላል። የዋስትና ውል ዋሱ የሚጠየቅበትን ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልገለጸ በሕግ ዋጋ የለውም። ስለዚህ መጠኑ በውሉ ላይ መጻፉን ማየት፣ «ለአሁኑና ወደፊት ለሚወሰድ ብድር ሁሉ» የሚል ሐረግ ካለ እንዲወጣ መጠየቅ፣ ከብድሩ የተወሰነው እጅ ሲከፈል የወላጆች ቤት ከመያዣነት የሚለቀቅበት አንቀጽ እንዲገባ መደራደር ያስፈልጋል። ይህን የመጨረሻውን የሚቀበል ባንክ ከተገኘ በወለድ ትንሽ ቢወደድም ሊመረጥ ይገባዋል።

ወደ ቅርንጫፍ ሲኬድ

ቢያንስ ሦስት ባንኮችን ማነጋገር መልካም ነው። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ፣ የጋብቻ ሁኔታ ማስረጃ፣ የገቢና የግብር ማስረጃ፣ የቤቱ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ቅጂ በአብዛኛው ይጠየቃሉ። ባንኮች በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል አማካይነት የአመልካቹን የቀድሞ ብድር ስለሚያዩ የቆየ ትንሽ ዕዳ ካለ ቀድሞ መዝጋትና የመክፈያ ማረጋገጫ መያዝ ይጠቅማል።

ከባለሙያው ጋር ሲነጋገሩ ከሌሎች ጥያቄዎች ሁሉ በፊት ይህ ይጠየቅ፦ «አንድ ወር ባልከፍል ምን ይሆናል? ሦስት ወርስ?» መልሱ የቅጣት ወለዱን መጠን፣ ባንኩ የክፍያ ጊዜ የሚያሸጋሽግበትን ሁኔታና ማስጠንቀቂያ የሚሰጥበትን ደረጃ መግለጽ አለበት። በዚህ ጥያቄ የሚቆጣ ወይም «እሱን አታስቡ» ብሎ የሚያልፍ ቅርንጫፍ ጥሩ ምልክት አይደለም። የውሉ ረቂቅ ከመፈረሙ በፊት ወደ ቤት ተወስዶ እንዲነበብ መጠየቅም ነውር የለበትም፤ ከተቻለ በሕግ ባለሙያ ቢታይ ወጪው ከብድሩ አንጻር ኢምንት ነው።

ውሉ ከተፈረመ በኋላ ኪራዩ በባንክ በኩል የሚገባበትን ሒሳብ ከሌላ ገንዘብ ለይቶ መያዝ፣ ወርኃዊው ክፍያ ከዚያው እንዲቆረጥ ማድረግና ቢያንስ የሦስት ወር ክፍያ የሚሆን ገንዘብ ሳይነካ ማስቀመጥ ይመከራል። ተከራይ በለቀቀ ወር ወደ ባንኩ ሄዶ ማስታወቅ ክፍያው ካለፈ በኋላ ከመሄድ ይሻላል፤ የክፍያ ማሸጋሸጊያ ጥያቄም በጽሑፍ ቀርቦ የገቢ ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ይያዝ። ከባንኩ ጋር አለመግባባት ቢፈጠር አቤቱታው በቅድሚያ ለባንኩ የቅሬታ ሰሚ ክፍል ይቀርባል፤ በዚያ ካልተፈታ ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የፋይናንስ ሸማቾች ጥበቃ ክፍል ማቅረብ ይቻላል።

ብድሩ ተከፍሎ ሲያልቅ ባንኩ የዕዳ ማጠናቀቂያ ደብዳቤ ይሰጣል። ደብዳቤው ለይዞታ መዝጋቢው ጽሕፈት ቤት ቀርቦ የመያዣው ምዝገባ እስካልተሰረዘ ድረስ ቤቱ በመዝገብ ላይ ባለዕዳ ሆኖ ይቆያል። ሥረዛው ተጠናቆ ዋናው ካርታ በእጅ መግባቱን ባለንብረቱ ራሱ ይከታተል።